የመንደር ሐይቅን ከደለል ማዳን፦ ለሰሜን ሸዋ የውሃ ጠባቂ ማኅበራት

በሰሜን ሸዋ ሰው «ሐይቃችን» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የተያዘ ውሃ ነው። በአፈር ግድብ የታገደ የክረምት ጎርፍ ይሆናል፣ መንደሩ በደቦ የቆፈረው ትልቅ ኩሬ ይሆናል፣ ወይም ረግረግ መሀል ተርፎ የቆየ ውሃ። ጣርማ በር ላይ ሸንተረሩ ዝናቡን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የደጋው በበሬሳና በጀማ ወንዞች አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ የቆላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። በሁለቱም በኩል የመንደር ውሃን ዓመት ጠብቆ የሚገድለው ደለል ነው።

ውሃው የሚያልቀው ሰውና ከብት ስለሚጠጣው ብቻ ይመስላል። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። ክረምቱ ከወጣ እስከ ቀጣዩ ሰኔ ድረስ ፀሐይና ነፋስ ከገጹ ላይ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳሉ፤ በ250 ቀን 1 ሜትር ሙሉ ነው። 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ይህን ከፍሎ ይተርፋል። ደለል ገብቶበት 1 ሜትር ከ20 የቀረው ግን ስፋቱ ሳይቀንስ ግንቦት ላይ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ የማኅበሩ ዋና ሥራ ጥልቀትን መጠበቅ ነው፤ ይህም የሚሠራው ከሐይቁ በላይ ባለው ማሳ፣ ቦረቦርና የከብት መንገድ ላይ ነው። ደለሉ የመጣው ከዚያ ነውና።

ዘንግና ገመድ

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ውሃው ዝቅ ሲል ለኩ። በየ5 ሜትሩ የተቋጠረ ረጅም ገመድ፣ 3 ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ የባሕር ዛፍ ዘንጎች፣ አንድ ሰፊ የቀለም ቆርቆሮ ክዳንና ደብተር ይበቃል። ሁለቱም ዘንጎች ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቢላ ጭረት አውጡና በቀለም አድምቁት። ክዳኑን በአንዱ ዘንግ ጫፍ ላይ ቸንክሩት፤ የሌላውን ጫፍ አሹሉት።

ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ወጥሩ። ሁለቱ ጫፎች ያረፉበትን ቦታ በማይነቃነቅ ድንጋይ ላይ ቀለም ቀብታችሁ ምልክት አድርጉ፤ ከርሞ የምትለኩት እዚያው መስመር ላይ ካልሆነ ሁለቱን ዓመት ማወዳደር አይቻልም። በየቋጠሮው ክዳን ያለውን ዘንግ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። ክዳኑ ደለሉ ላይ ያርፋል፤ ያ የውሃው ጥልቀት ነው። እዚያው ጎን ሹሉን ዘንግ ጠንካራው መሬት አልገፋ እስኪል ድረስ ግፉት። የሁለቱ ልዩነት የደለሉ ውፍረት ነው። ክዳኑ 60 ላይ ቆሞ ሹሉ 150 ላይ ከቆመ፣ እዚያ ቋጠሮ ላይ 90 ሳንቲ ሜትር ደለል አለ።

ደለል እግር ይይዛል። ውሃው ከጉልበት ካለፈ ማንም በእግሩ አይግባ፤ ከጉልበት በታች ሲሆንም የሚገባው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰር፣ ሁለት ሰው ዳር ቆሞ ይያዘው። በፕላስቲክ የተነጠፉ ኩሬዎች፣ ለምሳሌ በምንጃር ሸንኮራ የሽንኩርት ችግኝ የሚጠጣባቸው፣ ከዚህም ይብሳሉ። ፕላስቲኩ ስለሚያንሸራትት ዋና የሚችል ሰው እንኳ መውጣት ያቅተዋል። በአራቱም ማዕዘን ቋጠሮ ያለው ገመድ ከችካል ታስሮ ውሃው ውስጥ ተዘርግቶ ዓመቱን ሙሉ ይኑር።

ከዚህ ሌላ ግድቡ አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት ቋሚ እንጨት ትከሉና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የውሃውን ከፍታ መዝግቡ። የውሃውን ጥራት ለማወቅ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ ለአራት ተከፍሎ ነጭና ጥቁር ይቀባ፣ ከሥሩ ድንጋይ ይታሰርበት፣ ቀትር ላይ በገመድ ይውረድ። ከዓይን የሚጠፋበትንና ሲሳብ ተመልሶ የሚታይበትን ጥልቀት ደምሩና ለሁለት ክፈሉ። ቁጥሩ ከወር ወር እየቀነሰ ከሄደ ቀለሙን እዩ፤ ቡናማ ከሆነ አፈር እየገባ ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ማዳበሪያና ፍግ እየገባ ነው። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

ደለሉ ከየት ይመጣል

ይህን የሚነግራችሁ ዝናብ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሦስት አራት ሰው ከሐይቁ መግቢያ ተነስቶ ጎርፉን ወደ ላይ ይከተለው። ጎርፉ በተገናኘበት ሁሉ ከእያንዳንዱ ጅረት በአንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሞልታችሁ ስሙን ጻፉበት። ዋናው ጅረት ሲደፈርስ ወደ መሀል አትግቡ፣ ከዳር ቅዱ። ፕላስቲኮቹን ቤት ውስጥ ደርድሩና ጠዋት ከሥራቸው የተኛውን ጭቃ በማስመሪያ ለኩ። አንዱ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ የሚሠራው 3 የያዘው ነው። ብዙ ጊዜ ያ ጅረት ከማሳ የመጣ አይደለም፤ ከመኪና መንገድ ቱቦ ሥር የተወረወረ ጎርፍ ወይም ከብት ሲመላለስበት የጎደጎደ መንገድ ሆኖ ይገኛል።

እንደ ሞረትና ጅሩ ባለ የመረሬ (የጥቁር ሸክላ አፈር) አገር ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ውሃ አድሮም ላይጠራ ይችላል። የመረሬ ጭቃ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ተንሳፎ ይቀራል፤ ክትር፣ ማለትም ቦረቦር ውስጥ ጎርፉን የሚያግድ የድንጋይ ግንብ፣ አይይዘውም። እዚያ የሚያዋጣው ከማሳ የሚወጣውን የማጠንፈፊያ ቦይ በቀጥታ ወደ ሐይቁ አለመስደድና ውሃው በሰፊ ሣር ላይ እየተሳበ እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

ክትር

ክትር ከከተራ ጋር አንድ ቃል ነው፤ ጥር 10 ታቦት ከመውረዱ በፊት ውሃው የሚከተረውን ያህል እዚህም ጎርፉ ይከተራል። የሥራው ጊዜ ጥርና የካቲት ነው፣ ምርት ከገባ በኋላ፣ በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ደግሞ በልጉ ሳይዘንብ።

ሁልጊዜ ከቦረቦሩ ራስ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ከታች የጀመረ ማኅበር የሠራውን ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በአንድ ክረምት ይጠርግበታል። ለእያንዳንዱ ክትር በቦረቦሩ ወለል ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መሠረት ቁፈሩ፤ በግራና በቀኝ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ 50 ሳንቲ ሜትር ግቡ። ትልልቁን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥር አጋድሙ፣ መጋጠሚያዎቹን እንደ ቤት ግንብ አፈራርቁ፣ ክፍተቱን በትንንሽ ድንጋይ ሙሉ። የወንዝ ድብልብል ድንጋይ አይያዝም፣ ይንከባለላል። ከፍታው ከመሬት በላይ ከ1 ሜትር አይለፍ።

ብዙ ክትር የሚበላሸው መሀሉ ላይ ነው። መሀሉ ከሁለቱ ጎን በ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፣ ጎርፉ በዚያ እንዲያልፍ። ሠራተኛው «ለማሳመር» አናቱን ደልዳላ ካደረገው ውሃው ጎን ለጎን ሄዶ የቦረቦሩን ግድግዳ ይበላል፤ በሁለተኛው ክረምት ክትሩ ደርቆ መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ቦረቦሩ በጎኑ ዞሮት ይሄዳል። ሁለተኛው ጥፋት ከክትሩ በታች ንጣፍ አለማድረግ ነው። ከመሀሉ የሚወድቀው ውሃ ጉድጓድ ይቆፍርና እግሩን ያሳጣዋል። ከክትሩ ሥር ከ1 እስከ 1 ሜትር ተኩል ርዝመት ድንጋይ አንጥፉ።

ርቀቱን ለመወሰን ቀመር አያስፈልግም። የታችኛው ክትር ዝቅ ያለው መሀል ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ተዳፋቱ ከ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወርድ ከሆነና የክትሩ ዝቅ ያለው መሀል ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በየ7 ሜትሩ ይመጣል። ይህን የሚያሳየው የክር ውሃ ልክ ነው፦ እኩል ቁመት ባላቸው ሁለት ዘንጎች መካከል 10 ሜትር ሲባጎ ወጥሩ፣ ውሃ ልኩን ልክ መሀሉ ላይ ስቀሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱን ዘንጎች ቦታ አቀያይራችሁ ደግማችሁ እዩ፤ አረፋው ከበፊቱ የተለየ ቦታ ካቆመ ዘንጎቹ እኩል አይደሉም ወይም ውሃ ልኩ መሀል አልተሰቀለም።

አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ክትሩ ጀርባ ደለል ሞልቶ ታገኛላችሁ። ያ የተበላሸ ሥራ አይደለም፣ ወደ ሐይቁ ሊገባ የነበረ አፈር ነው። ቀጣዩ ሐምሌ ላይ ደሾ ወይም ዝሆን ሣር ትከሉበት፣ ክትሩን ጨምሩለት። የሣሩ ድርሻ ለማን እንደሆነ ከመተከሉ በፊት ተስማሙ፤ ባለቤት የሌለው ሣር በመስከረም ይጋጣል።

ከመጨረሻው ክትር በታች፣ ሐይቁ መግቢያ ላይ፣ 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ተኩል ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ በድንጋይ ገንቡ። ጎርፉ እዚያ ሲገባ ፍጥነቱ ይሞትና አሸዋውና ከባዱ ጭቃ ይወርዳል። ጉድጓዱ ግማሹ ሲሞላ ይጠረግ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ በየሳምንቱ ሊሆን ይችላል። ከሞላ ምንም አይዝም፣ ውሃው በላዩ ያልፋል። ለዚህ ሥራ በስም የተመደቡ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ።

ዳሩና ከብቱ

ከውሃው ከፍተኛ ጠርዝ ጀምሮ ቢያንስ 10 ሜትር የማይታረስ፣ የማይጋጥ ሣር ይኑር። ደሾን በመስመሮች መካከል 50፣ በሥሮች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ዝናቡ ሲጠና ትከሉ። ቬቲቨር ሣር ለወይና ደጋውና ለቆላው ደህና ነው፤ ውርጭ በሚመታው በደብረ ብርሃንና በመንዝ አካባቢ ግን አይጠናም። ከሣሩ ኋላ ትሪ ሉሰርን፣ ኮርች፣ ወይራ ወይም የሐበሻ ጥድ ይመጣል። ችግኝ ሐምሌ መጀመሪያ ካልተተከለ ሥር ሳይሰድ የጥቅምት ውርጭ ያገኘዋል። ባሕር ዛፍ ሐይቅ ዳር አይተከል፤ ያለውም ሲቆረጥ ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ይቆፈር።

ከብት ውሃው ውስጥ ገብቶ ሲጠጣ ሦስት ጉዳት ያደርሳል። ዳሩን ይንዳል፣ ፍግና ሽንት ይጥላል፣ ራሱም በሽታ ይዞ ይመለሳል። የደጋው በግ የሚያልቅበት የጉበት ትል እንቁላሉ በፍግ ይወጣና ረጋ ባለ ውሃ ዳር በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ በጉ ያንን ረግረግ ሲግጥ ይይዘዋል። እንደ ቀወት ባለው ቆላማ አገር ደግሞ የሰው ቢልሃርዚያ አለ፣ እሱም በቀንድ አውጣ ይተላለፋል። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ያገኙት ነገር ነው፤ ሆኖም እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ ስለዚህ ሐይቅ ውስጥ በዘፈቀደ አይበተንም። ብርብራም እንደዚሁ።

መፍትሔው ገንዳ ነው። ከግድቡ በታች ቢያንስ 20 ሜትር ርቃችሁ 4 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሲሚንቶ ገንዳ ሥሩ፤ 800 ሊትር ይይዛል። በበጋ ቀን አንድ ከብት ከ25 እስከ 40፣ አህያ ከ15 እስከ 20፣ በግ ከ3 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል። 60 ከብትና 200 በግ ላለው መንደር ወደ 2,600 ሊትር ነውና ገንዳው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሞላል። ውሃው ያለ ሞተር በጎማ ቧንቧ ግድቡን ተሻግሮ ይወርዳል፦ ጎማውን በውሃ ሙሉ፣ ሁለቱን ጫፍ በእጅ ደፍናችሁ አንዱን ሐይቁ ውስጥ፣ ሌላውን ገንዳው ላይ ልቀቁ። መውጫው ከሐይቁ ገጽ ዝቅ ማለት አለበት። መግቢያውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑና ከባዶ ጀሪካን ላይ አንጠልጥላችሁ ከገጹ 50 ሳንቲ ሜትር በታች አድርጉት፤ ወለል ላይ ከተኛ ጭቃ ይስባል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጎማው ከውሃው ገጽ ብዙ ሲወጣ ይቋረጣል፤ ከ4 ሜትር በላይ አታስወጡት። ውሃው ቆም እያለ ከመጣ አንድ መጋጠሚያ አየር እያስገባ ነው። ገንዳውን ዙሪያውን 3 ሜትር በድንጋይ ካላነጠፋችሁት ደግሞ ረግረጉን ወደዚያ አዛወራችሁት እንጂ አላጠፋችሁትም።

ለልብስ ማጠቢያ ከውሃው 30 ሜትር የራቀ ድንጋይ ንጣፍና 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ተቆፍሮ በድንጋይና በጠጠር የተሞላ ማስረጊያ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ድርድር አይቀበልም፦ የተባይና የአረም መድኃኒት የተረጨበት መርጫ ሐይቅ ዳር አይታጠብም፣ ጠርሙሱም አይጣልም።

ግድቡን ማየት

በአፈር ግድብ ላይ ዛፍ አይበቅልም። ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል። አጭር ሣር ብቻ ይኑር፣ ሲታጨድም ጉድጓዱ እንዲታይ ነው። ፍልፈል የቆፈረውን ከሥር ጀምራችሁ በእርጥብ ሸክላ አፈር በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቃችሁ ድፈኑ፤ ከላይ ብቻ የተደፈነ ቀዳዳ እንዳልተደፈነ ነው።

ከግድቡ ሥር ውሃ ቢሰርግ ቀለሙን እዩ። ጥርት ያለና መጠኑ የማይጨምር ከሆነ በየሳምንቱ በጣሳ እየለካችሁ መዝግቡ። ደፍርሶ ከመጣ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው፤ በዚያኑ ቀን ከታች ያለውን ሰው አስጠንቅቁ፣ ውሃውን ቀንሱ፣ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ይህ በደቦ የሚጠገን አይደለም።

የትርፍ ውሃ መውጫው ላይ ድንጋይ ደርድሮ «ትንሽ ውሃ እንጨምር» ማለት በየመንደሩ የሚታይ ፈተና ነው። ያ 30 ሳንቲ ሜትር የተጨመረ ውሃ በአንድ የነሐሴ ሌሊት ግድቡን አናቱ ላይ ያሻግረዋል፤ የአፈር ግድብ ደግሞ ውሃ በላዩ ካለፈ በሰዓታት ውስጥ ይፈርሳል። በክረምት ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ መውጫው ላይ የተከማቸ ጭራሮና ፕላስቲክ ይነሳ።

ደለል ማውጣት

ከደለሉ ሥራዎች ይህን መጨረሻ ያደረግነው ከባድ ስለሆነ ነው። 20 ሜትር በ30 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ደለል ማውጣት 300 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሰው ቆፍሮና ተሸክሞ በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ ያወጣል ብላችሁ ያዙ፤ 600 የሰው ቀን ይሆናል። 40 ሰው ቢወጣ 15 የሥራ ቀን ነው፤ የወሩን በዓላት ስትቀንሱ ግንቦት አይበቃችሁም። ክትሩ ሳይሠራ ደለል ያወጣ ማኅበር ይህን ሁሉ ጉልበት በሁለት ሦስት ክረምት መልሶ ያጣዋል።

ስታወጡ ሁለት ነገር ጠብቁ። ከግድቡ እግር 5 ሜትር ድረስ አትቁፈሩ። ወለሉ ላይ ያለውን ጠንካራ ሸክላም አትንኩ፤ አካፋው ለስላሳውን ጭቃ ጨርሶ እንደ ሳሙና የሚላጠውን ሲያገኝ ቁሙ። ያንን የቀደደ ሰው ውሃውን ወደ ታች አስርጎታል። የወጣው ደለል ከሐይቁ በታች ወዳለ ማሳ ይሂድ፤ ለአሸዋማ መሬት ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ዳር ላይ ከተከመረ ሐምሌ ይመልሰዋል።

አረምና አረንጓዴ ውሃ

ቄጠማና ፊላ ጠላት አይደሉም፤ መግቢያው ላይ ደለል ያጣራሉ፣ ዝይና ዳክዬም ይፈለፍልባቸዋል። ፊላ ከበዛ ከውሃው ገጽ በታች እጨዱት፤ ጉቶው ውሃ ገብቶበት ሥሩ ይበሰብሳል። እምቦጭ ግን አንድ እግር እንኳ አይታለፍም። ሐምራዊ አበባውና ያበጠው አገዳው ይለየዋል። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ላይ ነው፣ ስለዚህ በአዋሽ በኩል ያለው ቆላና ወይና ደጋ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ከነሥሩ ንቀሉ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ከፍታ ላይ አድርቃችሁ አቃጥሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ ተመለሱ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል።

ውሃው አረንጓዴ ከሆነ እንጨት ነክራችሁ አውጡ። እንደ ፀጉር ያለ ክር ከተንጠለጠለ ብዙ አያስፈራም። እንደ ቀለም ከተቀባ መርዛማ ሊሆን ይችላል፤ ነፋሱ በሚገፋው ዳር ይከማቻልና ከብት ከዚያ አይጠጣ። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። ሰማያዊውን የመዳብ ዱቄት መጨመር ደግሞ መርዙን በአንዴ ውሃው ውስጥ ያስለቅቀዋል፣ ዓሣውንም ይፈጃል።

ማኅበሩ

አዲስ ድርጅት ከማቋቋም ባለው እድር ላይ መጨመር ይሻላል፤ ስብሰባው፣ ዳኛውና መቀጫው አስቀድሞ አለ። የመንዝ ሰው የጓሳን የሣር መሬት ለዘመናት ያቆየው ሣሩ እስኪደርስ ዘግቶ፣ ቀን ቆርጦ በመክፈት ነው፤ ለሐይቅ ዳር ሣርም የሚሠራው ይኸው ነው። አንድ የውሃ አባት፣ አንዲት ገንዘብ ያዥ፣ አንድ መዝጋቢ ምረጡ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ስለሆኑ ገንዳውና መቅጃው የት ይሁን ሲባል መጀመሪያ እነሱ ይጠየቁ። ደንቡን ለቀበሌው አስመዝግቡ፣ የግብርና ባለሙያውም ይፈርም።

ሐይቁ ጥምቀተ ባሕር ከሆነ ለጥር 12 ጠዋት ስምንት ሰውና ስምንት የማዳበሪያ ከረጢት መድቡ። ሕዝቡ ቃና ዘገሊላ ላይ ሳለ ዳሩ ላይ የቀረው ፕላስቲክ ነፋስ ሳያስገባው ይነሳል። የመለኪያው ደብተር በሁለት ቅጂ ይያዝ፤ አንዱ መዝጋቢው ቤት፣ ሌላው እድሩ ሳጥን ውስጥ፣ የገመዱ ጫፎች የት ድንጋይ ላይ እንደተቀቡ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፎ።